ለስሜን ገደል የሚሆን የሩቅ መነጽር፦ ኒኮን ፕሮስታፍ ፒ3፣ 8 በ42

ከጎንደር ተነሥቶ እንግዳ ይዞ ወደ ስሜን ተራሮች የሚወጣ አስጎብኚ የሩቅ መነጽር ሊገዛ ሲያስብ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንት ጊዜ ያቀርባል?» ብሎ ነው፤ ሻጩም ይህንኑ ስለሚያውቅ ትልቁን ቁጥር አስቀድሞ ያሳየዋል። በእኔ እምነት ግን ለዚህ ሥራ የሚውል መነጽር መመዘን ያለበት ዓይን ላይ በሚያደርሰው ብርሃን፣ እጅ ላይ በሚረጋበት መጠንና እርጥበትን በመቻሉ ነው። በዚህ ሚዛን ሲታይ በመካከለኛ ዋጋ ከሚገኙት መካከል ኒኮን ፕሮስታፍ ፒ3፣ 8 በ42 የሚባለው ስሜን ለሚመላለስ ሰው የሚበቃ ዕቃ ሆኖ አግኝቼዋለሁ፤ እንከን የለውም ማለቴ ግን አይደለም። ለንጽጽር የዚያው መነጽር ባለ 10 ዓይነት፣ የዚያው ኩባንያ ርካሽ የሆነው አኩሎን ኤ211፣ እንዲሁም በየሱቁ ተሰቅለው የሚሸጡት ስም የለሽ መነጽሮች አብረው ይታያሉ።

በመነጽር ላይ ከተጻፉት ሁለት ቁጥሮች የመጀመሪያው ነገሩን ስንት እጥፍ እንደሚያቀርብ ሲናገር፣ ሁለተኛው የፊት ሌንሱን ስፋት በሚሊሜትር ያመለክታል። ሁለተኛው ለመጀመሪያው ሲካፈል የሚገኘው ውጤት ከመነጽሩ ወጥቶ ዓይን ላይ የሚያርፈው የብርሃን ክብ ስፋት ነው። 42 ለ8 ሲካፈል 5.25 ሚሊሜትር፣ ለ10 ሲካፈል ደግሞ 4.2 ሚሊሜትር ይሆናል። በቀትር ፀሐይ የዓይናችን ብሌን ወደ 2 ወይም 3 ሚሊሜትር ስለሚጠብ ልዩነቱ አይሰማም፤ ማለዳና ምሽት ላይ ግን ብሌን ስለሚሰፋ፣ ጠባብ የብርሃን ክብ የሚያወጣ መነጽር የያዘ ሰው ምስሉ ይጨልምበታል።

ይህ ስሌት ለስሜን ከሌላው ቦታ ይልቅ የሚያስፈልግበት ምክንያት አለ። ዋልያ የሚውልበት ታላቁ ገደል ፊቱን የሰጠው ወደ ሰሜን ነው፤ አካባቢው ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 13 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሚገኝ ደግሞ እንግዳ በብዛት በሚመጣበት በበጋው ወራት ፀሐይ በደቡብ በኩል ታልፋለች። ስለዚህ ሰማዩ ጠርቶ፣ እኛ የቆምንበት አፋፍ ፀሐይ እየመታው ሳለ እንኳ የገደሉ ፊት አብዛኛውን ጊዜ በጥላ ውስጥ ነው። ከባሕር ጠለል በላይ 3,600 ሜትር አካባቢ ከፍታ ካለው፣ ጨነቅ ከሚባለው የፓርኩ ሰፈር ሆኖ ቁልቁል የሚመለከት ሰው የሚፈልገው እንስሳ ጠጉሩ ከድንጋዩ ጋር ይመሳሰላል፤ ካልተንቀሳቀሰም ድንጋይ ነው ብሎ ማለፍ ቀላል ነው። በፒ3 ሲታይ መጀመሪያ የሚለየው ሆዱና የእግሩ ውስጠኛ ክፍል ላይ ያለው ነጣ ያለ ጠጉር ነው፤ ከዚያ ወደ ኋላ የተቆለመመው ቀንድ፣ ቆየት ብሎም ቀንዱ ላይ ያለው ጉጥ ይታያል። ጥላ ውስጥ ያለን ቡናማ እንስሳ ከቡናማ ድንጋይ ለይቶ ማሳየት ለዚህ መነጽር ዋናው ፈተና ነው፤ አልፎታል እላለሁ። በነገራችን ላይ፣ አብረውን የሚወጡት የፓርኩ ስካውቶች በባዶ ዓይናቸው ቀድመው ሲያዩት ብዙ ጊዜ አጋጥሞኛል፤ መነጽሩ የሚጠቅመው እነሱ በጣታቸው ያመለከቱትን ለእንግዳ ለማሳየት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ለጭላዳ ግን መነጽር ማውጣትም አያስፈልግም፤ መንጋው ሣሩን እየነጨ ጥቂት ሜትሮች ድረስ ያስጠጋል።

ባለ 8 ይሻላል ወይስ ባለ 10 የሚለው ክርክር ብዙውን ጊዜ የሚቋጨው «ባለ 10 የሚያሳየው ሜዳ ጠባብ ነው» በሚል ነው። በፒ3 ይህ ክርክር አይሠራም። የባለ 8ቱ የእይታ ስፋት 7.2 ዲግሪ ሲሆን የባለ 10ሩ 7.0 ዲግሪ ነው፤ በ1,000 ሜትር ርቀት ላይ ልዩነቱ 4 ሜትር ያህል ብቻ ነው። ክብደታቸውም 565 እና 575 ግራም ስለሆነ በዚህም አይበላለጡም። ታዲያ ባለ 8ቱን የመረጥሁት በሌሎች ሁለት ምክንያቶች ነው። የመጀመሪያው የእጅ መንቀጥቀጥ ነው፤ መነጽር እንስሳውን ባቀረበው ልክ የእጃችንንም እንቅስቃሴ ያጎላል፣ በዚያ ከፍታ ላይ አቀበት ወጥቶ ልቡ እየመታ ትንፋሹ ያጠረ ሰው ደግሞ ባለ 10ሩን አርግቶ መያዝ ይቸግረዋል። ሁለተኛው የዓይን መነጽር የሚያደርጉ ሰዎች ጉዳይ ነው። ባለ 8ቱ ዓይን ከሌንሱ 20.2 ሚሊሜትር ርቆ ሳለ ሙሉውን ምስል ሲያሳይ፣ ባለ 10ሩ 15.7 ሚሊሜትር ብቻ ይፈቅዳል። ከእንግዶቻችን ብዙዎቹ በዕድሜ የገፉና የዓይን መነጽር የሚያደርጉ ስለሆኑ፣ ጎማውን የዓይን ማረፊያ ወደ ውስጥ አዙሮ ከነመነጽራቸው እንዲያዩ ማድረግ መቻል ለአስጎብኚ ትልቅ ነገር ነው። ባለ 10ሩን የገዛ ሰው ገንዘቡን ጣለ አልልም፤ ቁጭ ብሎ ክርኑን ጉልበቱ ላይ ካስደገፈ ወይም መነጽሩን ዱላው ጫፍ ላይ ካሳረፈ በጥሩ ሁኔታ ይሠራበታል።

አኩሎን ኤ211፣ 8 በ42 በዋጋ ከፒ3 ያነሰ ሲሆን ሠሪዎቹ በፕሪዝሙ፣ ማለትም ውስጡ ሆኖ የተገለበጠውን ምስል በሚያቀናው መስታወት ጥራት አልቆጠቡበትም። ቅርጹ የጥንቱ ነው፤ የፊት ሌንሶቹ ከዓይን ማያዎቹ ሰፋ ብለው የተቀመጡበት፣ በድሮ ወታደሮች አንገት ላይ የምናውቀው ዓይነት። እይታው 8 ዲግሪ ስለሆነ ከፒ3 ይልቅ ሰፊ ሜዳ ያሳያል፤ በዚህም ገደል ለገደል የሚያንዣብብን አሞራ መከተል ይቀልበታል። ከአፋፉ ላይ ሆኖ አጥንት ከሰማይ ጥሎ በድንጋይ የሚሰብረውን ትልቁን አሞራ ለመከታተል ከሁለቱ አንዱን ምረጥ ብባል አኩሎንን አነሣ ነበር። ነገር ግን ክብደቱ 755 ግራም ነው፤ ዓይን ከሌንሱ የሚርቅበት መጠን 12 ሚሊሜትር ብቻ ስለሆነም የዓይን መነጽር ያደረገ ሰው ምስሉን የሚያየው በጠባብ ቀዳዳ ያህል ነው። ከሁሉም በላይ ውሃ አይችልም፤ ይህ ደግሞ ስሜን ላይ የሚታለፍ ጉድለት አይደለም።

ጉም ከቆላው ተነሥቶ ገደሉን በጥቂት ደቂቃ ውስጥ የሚሸፍንበት አገር ነው። ሌሊቱ ውርጭ ነው፤ ጠዋት ከቀዝቃዛ ቦርሳ የወጣ ዕቃ ሻይ የሚፈላበት ሞቃት ክፍል ውስጥ ሲገባ ወዲያው ያልበዋል። ላቡ በውጭ በኩል ከሆነ ጠብቆ መጥረግ ይቻላል፤ ወደ ውስጥ የገባ እርጥበት ግን ሌንሱ መካከል ይቀርና ውሎ አድሮ ሻጋታ ያበቅላል፣ ያንን ደግሞ ባለሙያ ፈትቶ ካላጸዳው መነጽሩ አለቀለት ማለት ነው። ፒ3 ውስጡ በናይትሮጅን ጋዝ ተሞልቶ የታሸገ ስለሆነ ውስጡ ጉም አይዝም፤ ኩባንያው በ1 ሜትር ጥልቀት ውሃ ውስጥ ለ10 ደቂቃ እንደሚቋቋም ይገልጻል። ውጪው ግን እንደማንኛውም መስታወት ያልበዋል፤ ስለዚህ «ጉም አይዝም» የሚለውን ቃል ሰምቶ መነጽሩ ተበላሽቷል ብሎ የሚደናገጥ ሰው አይኑር።

እንከኖቹን ልናገር። የግራና የቀኝ ዓይንን ልዩነት የሚያስተካክለው ቀለበት መቆለፊያ የለውም። አንድ ሰው ብቻ ለሚጠቀምበት መነጽር ይህ ቀላል ነገር ነው፤ አንዱ መነጽር ከእጅ ወደ እጅ በሚዞርበት የእኛ ሥራ ግን እያንዳንዱ እንግዳ ቀለበቱን ሳያውቅ ነክቶ ይመልሰዋል፣ ቀጣዩም «ይህ ነገር አይጠራም» ይላል። መፍትሔው ቀኝ ዓይንን ጨፍኖ በመካከለኛው ማዞሪያ የግራውን ማጥራት፣ ከዚያ ግራውን ጨፍኖ የቀኙን በቀለበቱ ማስተካከል ነው፤ የራሴን ቦታ በነጭ ቀለም ነጥብ ምልክት አድርጌበታለሁ። ሁለተኛው እንከን ቀለም ነው። በውድ መነጽሮች የሚገባው፣ የቀለም መበታተንን የሚቀንሰው ኢዲ የሚባለው ብርጭቆ ስለሌለው፣ ሸንተረር ላይ ሰማይን ተደግፎ የቆመ ዋልያ ቀንዱ ጠርዝ ላይ ስስ ወይን ጠጅ መስመር ይታያል። ጥላ ውስጥ ላለ እንስሳ ይህ አይሰማም፤ ፎቶግራፍ አንሺዎች ግን ወዲያው ያዩታል። የምስሉ ዳርም ከመሐሉ ይልቅ ይደበዝዛል፤ የአንገት ማንጠልጠያውም ቀጭን ስለሆነ ቀኑን ሙሉ ሲሸከሙት አንገት ይቆርጣል።

ለሙከራ ደባርቅ ድረስ መሄድ አያስፈልግም። ጎሐ ኮረብታ ላይ ወጥቶ የፋሲልን ግንብ ማማዎች መመልከት የምስሉን ጥራት ለማወቅ ይረዳል፤ ከዚያ የበለጠ የሚፈትነው ግን ደብረ ብርሃን ሥላሴ ውስጥ ገብቶ ቀና ማለት ነው። ጣሪያው ላይ የተደረደሩት የመላእክት ፊቶች በደብዛዛ ብርሃን ውስጥ ስለሚታዩ፣ ብርሃን የሚያሳንስ መነጽር እዚያው ይጋለጣል። ፒ3 ከ3 ሜትር ጀምሮ ስለሚያጠራ በቅርብ ያለውንም የግድግዳ ሥዕል ማየት ይቻላል፤ አኩሎን ቢያንስ 5 ሜትር ይፈልጋል። እርግጥ ነው፣ በቅዳሴ ሰዓት የሚደረግ ነገር አይደለም።

ፒያሳም ሆነ ሌላ ቦታ በየሱቁ «30 በ60» የሚል ጽሑፍ ያለባቸውን፣ ሌንሳቸው እንደ ቀይ መስታወት የሚያብረቀርቅና በመዳፍ የሚያዙ መነጽሮችን በተመለከተ፣ ማስመሪያ ይዞ መሄድ ይበቃል። 60 ማለት የፊት ሌንሱ ስፋት 60 ሚሊሜትር ነው ማለት ነበር፤ ማስመሪያው ሲጠጋ ግን ግማሹን ያህል ብቻ ያሳያል። ከዚያ መነጽሩን በክንድ ርቀት ይዞ ወደ ሰማይ በማቅናት የዓይን ማያው ላይ የሚታየውን የብርሃን ክብ መለካት፣ የፊት ሌንሱንም ስፋት ለዚያ ማካፈል ነው፤ የሚገኘው ቁጥር እውነተኛው የማቅረብ አቅም ስለሆነ 30 የተባለው ወዴት እንደሚወርድ ይታያል። ሌንሱ ላይ የተቀባው ቀይ ልባጥም ቀይ ብርሃንን መልሶ ስለሚያንጸባርቅ ምስሉን ወደ አረንጓዴ ያደላዋል፤ ቡናማ እንስሳ ለሚፈልግ ሰው ከዚህ የባሰ ነገር የለም። ከእነዚህ አንዱን የሸጠልኝ ነጋዴ «የሌሊትም ነው» ብሎኝ ነበር።

ስለ ግዢው፦ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋ ስለናረ ብዙዎች ውጭ ያለ ዘመድን መላክ ይመርጣሉ። የሩቅ መነጽር ቦሌ ሲደርስ ጥያቄ የሚያስነሣ ዕቃ ስለሆነ፣ የሚያመጣው ሰው ከመነሣቱ በፊት ፈቃድ ያስፈልግ እንደሆነ ጉምሩክን ቢጠይቅ ይሻላል። ያገለገለ የሚገዛ ሰው ደግሞ ሩቅ ያለ የቤት ጣሪያ ጠርዝ ይመልከት፤ መስመሩ ሁለት ሆኖ ከታየው ወይም ትንሽ ቆይቶ ግንባሩን ካመመው መነጽሩ ወድቆ ፕሪዝሙ ተናግቷልና ይተወው። ከደባርቅ በኋላ ያለው መንገድ በበጋ አቧራ ስለሆነ፣ ሌንሱን በጋቢ ጫፍ ከመጥረግ በፊት አቧራውን በእፍታ ወይም በለስላሳ ብሩሽ ማራገፍ ያስፈልጋል፤ አሸዋ ያለበት ሌንስ በደረቅ ጨርቅ ሲታሽ ልባጡ ይጫራል፣ የተጫረ ልባጥም አይጠገንም።