ኤክስ-ፕሌን 12፦ ሞተር ሲጠፋ ምን ይቀድማል?

ላሚናር ሪሰርች የሚያዘጋጀው ኤክስ-ፕሌን 12 የተባለው የበረራ ሲሙሌተር ብዙ ጊዜ የሚወደሰው በደመናውና በመልክዓ ምድሩ ቢሆንም፣ እኔ ከሁሉ አብልጬ የማደንቀው የብልሽት ዝርዝሩን ነው። ሞተሩ ወይም የፍጥነት መለኪያው በተወሰነ ከፍታ፣ በተወሰነ ፍጥነት ወይም ባልታሰበ ሰዓት እንዲበላሽ ማዘዝ ይቻላል። አብራሪዎች በአደጋ ጊዜ መጀመሪያ አውሮፕላኑን ማብረር፣ ቀጥሎ የት እንደሚሄዱ መወሰን፣ ከዚያ በሬዲዮ መነጋገር እንዳለባቸው የሚማሩበትን ምክንያት እዚህ በተግባር ማየት ይቻላል።

ሴስና 172 የተባለችው ባለ አንድ ሞተር ትንሽ አውሮፕላን በ3,000 ጫማ ላይ ሞተሯ ሲጠፋ እጅ የሚሮጠው ወደ ማስነሻ ቁልፉ ነው። ቁልፉን ሲነካኩ ግን ፍጥነቱ ይወርዳል፣ አውሮፕላኑም መንሳፈፉን ትቶ መውደቅ ይጀምራል። አፍንጫውን ዝቅ አድርጎ ፍጥነቱን አውሮፕላኑ ያለ ሞተር ርቆ ሊንሳፈፍ በሚችልበት 68 ኖት (የበረራ ፍጥነት መለኪያ) ላይ የያዘ ሰው ግን ሜዳ ለመምረጥ፣ የነዳጅ መክፈቻውን ለመፈተሽ፣ ከዚያም በሬዲዮ «ሜይዴይ» የሚለውን የአደጋ ጥሪ አሰምቶ፣ አደጋ ላይ መሆኑን በራዳር የሚያሳውቀውን 7700 ኮድ ለማስገባት ጊዜ ያገኛል። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1972 ማያሚ አቅራቢያ የተከሰከሰው የኢስተርን 401 በረራ የኮክፒት ሠራተኞች በአንዲት የማረፊያ ጎማ አመልካች አምፖል ተጠምደው ሳለ፣ ከፍታውን ይጠብቅ የነበረው ኦቶፓይሎት መልቀቁን ያስተዋለ አልነበረም፤ 101 ሰዎችም አለቁ። ይህን አደጋ የሚያውቅ ሰው የሲሙሌተሩን ጥብቅነት እንደ ጉድለት አያየውም።

ትልቁ ጉድለቱ ተጫዋቹን ብቻውን መተዉ ነው። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 15 ቀን 2009 የዩኤስ ኤርዌይስ 1549 በረራ ሁለቱም ሞተሮቹ በወፎች ሲመቱ፣ ካፒቴን ሰለንበርገር መሪውን ከረዳቱ ተረክቦ ሲያበር፣ ረዳቱ ስካይልስ ለከፍተኛ ከፍታ ታስቦ የተጻፈውን ረጅም ቼክሊስት (በቅደም ተከተል የሚፈጸሙ እርምጃዎች ዝርዝር) ይከተል ነበር። ጊዜው ሳይበቃ ቼክሊስቱ ባያልቅም አውሮፕላኑ ሃድሰን ወንዝ ላይ አርፎ 155ቱም ሰዎች ተርፈዋል። ይህን የሥራ ክፍፍል፣ ማለትም አንዱ ሲያበር ሌላው ብልሽቱን መከታተሉን፣ ኤክስ-ፕሌን ለብቻው ለተቀመጠ ሰው ሊያስተምር አይችልም፤ ስለዚህ ቼክሊስቱን የሚያነብ ጓደኛ አጠገብ ማስቀመጥን አጥብቄ እመክራለሁ።

መልክዓ ምድሩ አንዴ ኮምፒውተር ላይ ከተጫነ በኋላ በበረራ ጊዜ ፈጣን ኢንተርኔት አለመፈለጉ ኔትወርክ ለሚቆራረጥበት ተጠቃሚ ትልቅ ጥቅም ነው። ጠንካራ ግራፊክስ ካርድ ግን ይጠይቃል፤ በመሆኑም ከመግዛት በፊት ነፃውን የሙከራ ቅጂ መጫን ተገቢ ነው። በኪቦርድ 68 ኖትን ጠብቆ መቆየት እጅግ ስለሚያስቸግር፣ ርካሽም ቢሆን ጆይስቲክ ያስፈልጋል።