የመኪናችንን በሮች ያዳኑልንን በያጅ አመሰግናለሁ፤ ወደ ኤርታሌና ዳሎል ለምትነዱ ሁሉ ጥቆማ

ይህን የምጽፈው አንድ ሰው በይፋ መመስገን ስላለባቸው ነው። ሳሪስ አካባቢ ብየዳ የሚሠሩ፣ ጠጉራቸው የሸበተ፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ አባት ናቸው። ስማቸውን አደባባይ እንዳላወጣው ስለለመኑኝ አልጽፈውም፤ ዝም ማለት ግን አልቻልኩም። እግዚአብሔር ይስጥልኝ ጋሼ፣ እጅዎ ይባረክ።

ባለቤቴ ቱሪስት የሚያመላልስ ሾፌር ነው። መኪናዋ የራሳችን ናት፤ እ.ኤ.አ. በ1996 የተሠራች ላንድክሩዘር። ቤታችን የሚተዳደረው በእሷ ነው። ወደ ኦሞ ይሄዳል፣ ወደ ባሌ ሰነቴ ይወጣል፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ወደ አፋር፣ ወደ ኤርታሌና ወደ ዳሎል ይወርዳል። የኤርታሌን መንገድ ያየ ያውቀዋል። እሳተ ገሞራው ተፍቶት የደረቀ ጥቁር ድንጋይ ላይ ነው የሚነዳው። ጎማው አንዱን ድንጋይ ወጥቶ ሲወርድ መኪናዋ በጎኗ ታርፋለች፤ ያኔ የሚጨፈለቀው ከበሩ ሥር ያለው ስስ ላሜራ ነው። እሱ ከተጨፈለቀ በሩ አይከፈትም፤ ቢከፈትም አይዘጋም።

ለዚህ መፍትሔው ስላይደር የሚሉት የጎን መከላከያ ብረት መሆኑን የዚያ መንገድ ሾፌሮች ሁሉ ያውቃሉ። ችግሩ የሚሠራው ሰው ላይ ነው። መጀመሪያ የሄድንበት ቦታ፣ ስሙን አልጠራም፣ የሚያብለጨልጭ መርገጫ አውጥተው «ይሄ ተራራ ቢያርፍበት ንቅንቅ አይልም» አሉን። ያሰሩት ሻንሲው ላይ፣ ማለትም መኪናዋን ከሥር በተሸከመው ወፍራም የብረት አጽም ላይ ሳይሆን፣ እዚያው ስሱ ላሜራ ላይ ነበር። ባለቤቴ ከሰመራ አልፎ ድንጋዩ ላይ ሲደርስ መርገጫው ወደ ላይ ታጥፎ የኋላውን በር ነክሶ ያዘው። በዕድሜ የገፉ ሴት እንግዳ በወዲያኛው በር ተደግፈው ነው የወጡት። ባለቤቴ ይህን ሲነግረኝ ከእፍረት ብዛት ቀና ብሎ አላየኝም። የሱ ጥፋት አልነበረም! የታጠፈውን ብረት ይዘን ስንመለስ «እኛ እኮ ለከተማ ነው የሸጥነው» አሉን። ዳሎል እንደሚሄድ ነግረናቸው ነው የገዛነው። ዛሬም ሳስበው ያንገበግበኛል።

ሁለተኛው ቦታ የባሰ ሆነ። «ነገ ይደርሳል፣ ነገ ይደርሳል» እያሉ ሲያመላልሱን ከረሙ፤ ከዚያ ባትሪውን እንኳ ሳይነቅሉ ሻንሲው ላይ በየዱ። በማግስቱ ዲናሞው ባትሪ መሙላት አቆመ። ብንጠይቃቸው «ድሮም የታመመ ነበር» አሉ፤ ቀጥሎ ስልካችንን ማንሳት ተዉ። ባለቤቴ ሊይዛቸው የነበሩ እንግዶች ለሌላ ሾፌር ተሰጡ። የዚያን ወር የቤት ኪራይ ተበድረን ነው የከፈልነው። ለሠራተኛ ሰው አንድ ሥራ ማጣት ምን ማለት እንደሆነ የደረሰበት ይረዳኛል።

እኚህን አባት የጠቆመን የባለቤቴ የሥራ ባልደረባ ነው። ስንደርስ ስለ ገንዘብ አላነሱም። «የት የት ትሄዳለህ? ስንት ሰው ትጭናለህ? ጣሪያው ላይስ ምን ይወጣል?» አሉት። ውኃውን፣ ነዳጁን፣ ድንኳኑን ሁሉ አስቆጠሩት። ከዚያ ካርቶን አንጥፈው መኪናዋ ሥር ገቡና ጠመኔ ይዘው ቆዩ። የነዳጅ ቱቦው፣ የፍሬን ቱቦው፣ ጭስ ማውጫው የቱ ጋ እንደሚያልፍ እያዩ ምልክት ያደርጋሉ። አንድ የፍሬን ቱቦ ከሻንሲው ጋር ሲፋተግ አግኝተው አስተካከሉት፤ ለእሱ ገንዘብ አልጠየቁም፣ ብንሰጣቸውም አልተቀበሉም።

ብረት ምርጫው ላይ እኛ ዋጋው ቀለል ወዳለው ስናይ «ይሄ የአጥር ነው ልጄ» ብለው 4 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ቱቦ አስገዙን። ከዚያ የሚወፍረውንም ከለከሉን፤ መኪናዋ ያለ ጥቅም ክብደት ትሸከማለች አሉ። ሻንሲውን በእሳት አልነኩትም። ብየዳው ሁሉ ብረቱ ከመኪናዋ ወርዶ መሬት ላይ ተሠራ፤ ሻንሲው ላይ ግን በወፍራም ብረት ታቅፎ በብሎን ታሰረ። የቱቦውንም አፍ ዙሪያውን ደፈኑት፤ የአፋር ጨው ውስጡ ገብቶ እንዳይበላው ነው። ለባለቤቴ ብዙ አስረድተውታል፤ እኔ ያልገባኝ ይበዛል። የገባኝን ልንገራችሁ፦ የመኪናው አካል ሻንሲው ላይ የሚቀመጠው በጎማ ትራስ ስለሆነ መንገድ ላይ ይነቃነቃል። ስለዚህ በብረቱና በበሩ ሥር መካከል ክፍተት ያስፈልጋል። ጣታቸውን አስገብተው አሳዩኝ።

አሁን ዋናው። ሥራው ሲያልቅ ክሪኩን አምጥተው በቀጥታ ከአዲሱ ብረት ሥር አስገቡትና መኪናዋን አነሷት። በዚያ በኩል ያሉት ሁለቱም ጎማዎች መሬት ለቀቁ። እኔ ትንፋሼን ይዣለሁ። «ነይ የኔ ልጅ፣ በሩን ክፈቺው» አሉኝ። ከፈትኩት። ዘጋሁት። ደግሜ ከፈትኩት። እንደ አዲስ ነው የሚሄደው። ባለቤቴ እጃቸውን ሊስም ጎንበስ ሲል «ተው አንተ፣ ሥራዬ ነው» ብለው ከለከሉት።

«ከመጀመሪያው ጉዞ እንደተመለስክ ና፣ ብሎኖቹ ድጋሚ ይጠብቃሉ» ብለውት ነበር። ባለቤቴ ሳያርፍ ሌላ ሥራ ሊይዝ ሲል እሳቸው ራሳቸው እኔጋ ደወሉ። «መኪናዋ ተመልሳለች? ሳላያት እንዳትወጣ» አሉኝ። ገንዘቡን ተቀብለው የጨረሱ ሰው እኮ ናቸው! ስልኩን ዘግቼ አለቀስኩ። አባቴ የከባድ መኪና ሾፌር ነበር፤ እስከ 1998 እ.ኤ.አ. ጦርነት ድረስ በሚሌ በኤሊዳር አድርጎ አሰብ ይወርድ ነበር። እናቴ ስልክ በሌለበት ዘመን ስትጠብቀው ነው ያደግነው። ባለቤቴም ከአፍዴራ አልፎ ኔትወርክ ሲጠፋ የምጠብቀው እኔ ነኝ። ከእኔ ሌላ ስለዚያች መኪና የሚጨነቅ ሰው አዲስ አበባ ውስጥ አለ ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

ከዚያ ወዲህ ብረቱ ድንጋዩ ላይ ስንቴ እንዳረፈ ጭረቱ ይመሰክራል። ከሥሩ ቀለሙ ተልጧል፤ እሱን በብሩሽ መቀባት ነው። በሮቹን ግን የነካቸው የለም።

ወገኖቼ፣ እባካችሁ ላሜራ ላይ የሚታሰር መርገጫ ለድንጋይ መንገድ አትግዙ። እባካችሁ ባትሪ ሳይነቅል ልበይድ የሚላችሁን እምቢ በሉ። እባካችሁ እኚህን አባት ሳታዩ ገንዘባችሁን አታውጡ። ጎበዝ ናቸው፣ ታማኝ ናቸው፣ ቀጠሮ ያከብራሉ። አድራሻቸውን ለሚፈልግ በውስጥ መስመር እልካለሁ፤ ይህን ፈቅደውልኛል። ስትሄዱ የምትጭኑትን ዕቃ ልክ አስባችሁ ሂዱ፣ ይጠይቋችኋል። መኪናውንም ከሥሩ አሳጥቡት፤ ጭቃ ሥር ተኝተው እንዳይሠሩብን።