ለቅሞ የማይበላ የበቀቀን ጫጩት በቅናሽ አትግዙ

ይህን የምጽፈው የመጀመሪያውን በቀቀን ሊገዛ ለተነሳ ሰው ነው። ሻጩ «ገና በሲሪንጅ ነው የሚበላው፣ ለዚያ ነው ዋጋው የረከሰው» ካላችሁ እባካችሁ ገንዘባችሁን ኪሳችሁ መልሱ። ቢያንስ ይህን አንብባችሁ እስክትጨርሱ ድረስ አትክፈሉ። ለእኔ የነገረኝ ሰው አልነበረም። ጫጩቱም እኔም ከፍለንበታል።

የገዛሁት ግራጫ በቀቀን ነበር። ሰውነቱ አመድማ ጥጥ የለበሰ፣ ቀዩ የጅራቱ ላባ ገና ጫፉን ብቻ ያወጣ፣ ጭንቅላቱ ለአካሉ የከበደው ፍጡር። ሳጥኑ ላይ ጎንበስ ስል አንገቱን ዘርግቶ ጮኸ። አንጀቴን በላው። ሻጩ ይህን አየ መሰለኝ፣ ወዲያው ቀጠለ። «ስድስት ሳምንቱ ነው። በቀን ሦስት ጊዜ ታጎርሺዋለሽ። ሁለት ሳምንት ከታገሥሽ ራሱ ለቅሞ ይበላል። ደግሞ በእጅሽ ካደገ እናቱ አንቺ ነሽ፣ ዕድሜ ልኩን ከአንቺ ሌላ አያውቅም።» ዋጋው ራሱን ችሎ ከሚበላው በቀቀን ግማሽ እንኳ አይሞላም ነበር። ከፈልኩ። አንድ ሲሪንጅ፣ በፌስታል የተቋጠረ ስም የሌለው ዱቄት፣ «ለብ ባለ ውሃ ይበጥበጥ» የምትል ብጣሽ ወረቀት ይዤ ወጣሁ።

መጀመሪያ ስለ ጊዜው ልንገራችሁ። ግራጫ በቀቀን ለቅሞ መብላት የሚችለው ብዙውን ጊዜ ከ12 እስከ 16 ሳምንት ሲሞላው ነው። ስለዚህ ጫጩቱ በእርግጥ የ6 ሳምንት ቢሆን እንኳ ከፊቴ የነበረው ሁለት ሳምንት አይደለም። ቢያንስ 6፣ ምናልባትም 10 ሳምንት ነበር። ትንንሾቹ የበቀቀን ዝርያዎች ይፈጥናሉ። ባጂ በ5 ወይም በ6 ሳምንቱ፣ ኮካቲል ከ8 እስከ 10 ሳምንት ባለው ጊዜ ራሱን ይችላል። ማካው የሚባለው ትልቁ በቀቀን ግን አራት ወርና ከዚያም በላይ ሊወስድበት ይችላል። የምትገዙት ዝርያ ስንት ሳምንት እንደሚፈልግ ሳታውቁ «ጥቂት ቀን ነው የቀረው» የሚል ሰው አትመኑ።

ድካሙም የዋዛ አይደለም። ገና የተፈለፈለ ጫጩት ሌት ተቀን በየሁለት ሰዓቱ ይበላል። እያደገ ሲሄድ ይራራቃል፤ የእኔ ግን በነበረበት ዕድሜ በቀን አራት ጊዜ መብላት ነበረበት። ሻጩ ሦስት ነበር ያለኝ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ምሽት ላይ ሳያቋርጥ ሲጮህ «ገና አልለመደኝም» እያልኩ አባብለው ነበር። ርቦት ነበር። ይህን ሳስብ ዛሬም ያመኛል።

ሦስተኛው ቀን ላይ ነው ትልቁን ስህተት የሠራሁት። ከሥራ አምሽቼ መጣሁ። የተበጠበጠው ምግብ ቀዝቅዞ ስለነበር ማይክሮዌቭ ውስጥ አስገባሁት። አወጣሁ፣ አንድ ሁለቴ አማሰልኩ፣ የእጄ አንጓ ላይ ጠብ አደረግሁ። ለብ ያለ ነው። ሲሪንጁን ሞላሁና ሰጠሁት። የመጀመሪያውን ሲውጥ ጭንቅላቱን አራገፈ። ከዚያ ግን ይበልጥ ጮኾ ምንቃሩን ከፈተ። ጫጩት ከራበው እየተቃጠለም ይውጣል። ይህን ያኔ አላውቅም ነበር።

የበቀቀን ጫጩት የዋጠው ምግብ በቀጥታ ወደ ሆድ አይወርድም። አንገቱ ሥር፣ ከደረቱ ከፍ ብሎ፣ ስስ ከረጢት አለ። ምግቡ እዚያ ይጠራቀምና ቀስ እያለ ይወርዳል። ማይክሮዌቭ ደግሞ ምግብን እኩል አያሞቅም። አንዱ ጥግ ለብ ሲል ሌላው ይፋጃል። ያ የሚፋጀው ከረጢቱ ውስጥ ገብቶ ይተኛል። ክፋቱ በዚያው ቀን ምንም አይታይም። ጫጩቱ ይበላል፣ ይተኛል፣ ይጮኻል። በአራተኛው ቀን አንገቱ ሥር ቆዳው ቀላ። በማግስቱ የአውራ ጣቴን ጥፍር የሚያህል ጠቆር ያለ ቅርፊት ሆነ። እኔ የተጋጨ መስሎኝ ነበር። በስድስተኛው ቀን ጠዋት እያጎረስኩት ሳለ ጣቴ ረጠበ። ዝቅ ብዬ አየሁ። በምንቃሩ የሰጠሁት ምግብ በደረቱ በኩል እየወጣ ነው። ቅርፊቱ ተነስቶ ከሥሩ ቀዳዳ ነበር። ጫጩቱ ግን አሁንም ይጮኻል፣ አሁንም ጨምሪልኝ ይላል።

የእንስሳት ሐኪሟ ገና ስታየው «ማይክሮዌቭ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ስንቱን እንዲህ ሆኖ አይታ ይሆን! ወዲያው አልሰፋችውም። የሞተው ሥጋ ከደህናው እስኪለይ ጥቂት ቀን መጠበቅ ነበረባት፤ አለዚያ ስፌቱ አይዝም። እስከዚያ በትንሽ በትንሹ ራሷ እየመገበች አቆየችው። ክብደቱንና ላባውን አይታ ስንት ሳምንቱ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ሰባት ሊሞላው ነው አልኳት። «ማነው እንዲህ ያለሽ? አምስት ቢሆነው ነው» አለችኝ። ስለዚህ ስገዛው ገና አራት ሳምንት ገደማ ነበር።

ለሻጩ ደወልኩ። «ጫጩቱ ጤነኛ ነበር፣ አመጋገቡ ላይ ነው የተሳሳትሽው» አለኝ። እጄ ነው ያቃጠለው፣ አልክድም። ግን የዚህን ንግድ ሚስጥር ያኔ ገባኝ። ጫጩት በሲሪንጅ ማሳደግ ድካም ነው፣ ወጪ ነው፣ ሊሞትም ይችላል። ሻጩ ስድስት ወይም ስምንት ሳምንት ቀድሞ ሲሸጥላችሁ ድካሙንም ወጪውንም ሞቱንም ወደ እናንተ ነው ያዞረው። ቢሞት «አንቺ ነሽ» ይላችኋል። ቅናሽ የሚመስለው ይሄ ነው። የእኔ የሕክምና ሂሳብ ብቻ ለቅሞ የሚበላ በቀቀን ገዝቶ ይተርፍ ነበር።

ትክክለኛው የምግብ ሙቀት ከ39 እስከ 41 ዲግሪ ነው። ከ43 ካለፈ የከረጢቱን ቆዳ ማቃጠል ይጀምራል። ከ38 ከወረደ ደግሞ ጫጩቱ እምቢ ይላል፣ ወይም የበላው ሳይወርድ ተኝቶ ይኮመጥጣል። ጠቅላላ ልዩነቱ ጥቂት ዲግሪ ብቻ ነው። ይህን በጣትም በአንጓም መለየት አይቻልም። ቴርሞሜትር ያስፈልጋል፤ ብጣሿ ወረቀት ላይ ይህ ቃል አልነበረም።

ቃጠሎው የእኔ ታሪክ ስለሆነ አስረዘምኩት እንጂ ፈጥኖ የሚገድለው ሌላ ነው። የአየር ቧንቧው መግቢያ ምላሱ ሥር ነው። ሲሪንጁን ያለጊዜው ከገፋችሁት ምግቡ ሳንባ ይገባል። ጫጩት በትክክል ሲበላ አንገቱን ላይ ታች እየነቀነቀ በኃይል ይገፋል፤ በዚያች ቅጽበት የአየር ቧንቧው ይዘጋል። የማይነቀንቅ ጫጩት ላይ ምግብ መግፋት ማለት ሳንባው ውስጥ ማፍሰስ ማለት ነው። የለመዱት ሰዎች ሲሪንጁን ከጫጩቱ ግራ ጎን አስገብተው ወደ ቀኝ ያዘነብላሉ፤ የምግብ ቧንቧው በቀኝ በኩል ስለሚወርድ ነው። በጽሑፍ ሲነበብ ቀላል ይመስላል። አሥር ሰከንድ በማይሞላ ጊዜ፣ በሚወራጭ ትንሽ ጭንቅላት ላይ፣ በቀን አራቴ፣ ለሳምንታት ማድረግ ግን ሌላ ነገር ነው።

አሁን ስለዚያ «እናቱ አንቺ ነሽ» ስለሚሉት ነገር። ብዙዎቻችንን የሚያስገዛን ዋጋው ብቻ አይደለም፣ ይሄ ቃል ነው። ሐሰት ነው። ጫጩቴ ከተሰፋ በኋላ ወደ ቤት አልወሰድኩትም። ክሊኒኩ ውስጥ ጫጩት ማሳደግ የለመደ ሰው ነበር፣ እሱ ጋር ተውኩት። ከሁለት ወር በላይ ያጎረሰው እሱ ነው። እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ ሄጄ አጠገቡ እቀመጥ ነበር። በ15 ሳምንቱ ለቅሞ እየበላ ወደ ቤት መጣ። ወር ሳይሞላው እጄ ላይ መውጣት ጀመረ። አሁን በሩን ስከፍት ድምፄን ሰምቶ ያፏጫል። በዱርም ቢሆን በቀቀን ሲያድግ ጓደኛ የሚያደርገው ያጎረሰችውን እናቱን አይደለም። የሚላመደው በየቀኑ አብሮት ከሚሆን፣ ከማያስደነግጠውና ከሚያጫውተው ጋር ነው። ይህን ደግሞ ራሱን የቻለ በቀቀን ገዝታችሁ ከመጀመሪያው ቀን መጀመር ትችላላችሁ።

ልትገዙ ስትሄዱ የተፈለፈለበትን ቀን በጽሑፍ ጠይቁ። እግሩ ላይ ያለውን ቀለበት እዩ። መጋጠሚያ የሌለው ድፍን ቀለበት የሚገባው ጫጩቱ ትንሽ ሳለ ብቻ ነው፤ ብዙ ጊዜ ዓመቱ ተጽፎበታል። ተከፍቶ የሚገጠመው ግን በማንኛውም ዕድሜ ሊደረግ ስለሚችል ስለ ዕድሜው ምንም አይነግራችሁም። ግራጫ በቀቀን ከሆነ ሰነዱን ሳታዩ አትንኩት። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ2017 መጀመሪያ ጀምሮ ይህ ዝርያ ለመጥፋት የተጋለጡ እንስሳትን ንግድ በሚቆጣጠረው ዓለም አቀፍ ስምምነት፣ በሳይተስ፣ ጥብቅ በሆነው የመጀመሪያው ዝርዝር ውስጥ ነው። ከዱር የተያዘውን ለንግድ ከአገር አገር ማዘዋወር ክልክል ነው።

«አዎ፣ ለቅሞ ይበላል» ቢሏችሁም በዓይናችሁ እዩ። ግማሽ ቀን ተቀመጡ። የተፈለፈለ የእህል ገለባና የተነከሰ ፍሬ ሳጥኑ ውስጥ አለ? ስትጠጉት አንገቱን እየነቀነቀ የሚለምን ከሆነ ገና ነው። የየዕለቱን ክብደት የመዘገቡበትን ወረቀት ጠይቁ። የሚያውቅ አሳዳጊ በየጠዋቱ በግራም ይመዝናል፤ የለኝም የሚል ሰው ምን ያህል እንደተከታተለው ራሳችሁ ፍረዱ። የምትወዱትን ጫጩት ትንሽ ሳለ አይታችሁ መምረጥ ከፈለጋችሁም ቀብድ አስይዛችሁ ራሱን እስኪችል እዚያው ይቆይ። ጥሩ አሳዳጊ በዚህ ይስማማል።

አስቀድማችሁ ከገዛችሁና ጫጩቱ አሁን ቤታችሁ ካለ፣ ልምድ ላለው አሳዳጊ ወይም ወፍ ለሚያክም የእንስሳት ሐኪም አደራ ስጡት። ማፈር የለም። ይህ ዛሬ ካልሆነላችሁ ደግሞ አንድ የሚያውቅ ሰው አጠገባችሁ ቆሞ ሲያጎርስ እዩ፣ ከዚያ እናንተ ስታጎርሱ እሱ ይይ። በሲሪንጅ ፋንታ ጎኑና ጎኑ ወደ ውስጥ የታጠፈ ማንኪያ ተጠቀሙ፤ ቀርፋፋ ነው፣ ግን ጫጩቱ በራሱ ፍጥነት ስለሚውጥ አደጋው ይቀንሳል። ወደ ጉሮሮ የሚገባ ቱቦ በጭራሽ አትሞክሩ። ምግቡን በሙቅ ውሃ በጥብጡ፣ በደንብ አማስሉ፣ በቴርሞሜትር ለኩ። የተረፈውን ድፉ፣ መልሳችሁ አታሙቁ። መጠኑ በአንድ ጊዜ ከክብደቱ አንድ አሥረኛ ገደማ ነው። 300 ግራም የሚመዝን ጫጩት 30 ሚሊ ሊትር አካባቢ ይበቃዋል። ላባ ያልለበሰ ከሆነ ሳጥኑ 32 ዲግሪ አካባቢ ይሙቅ፤ የበረደው ጫጩት የበላው አይፈጭለትም።

ጠዋት ከመመገባችሁ በፊት አንገቱ ሥር በጣታችሁ ቀስ ብላችሁ ዳስሱ። ከረጢቱ በቀን አንድ ጊዜ፣ በተለይ ሌሊቱን፣ ባዶ መሆን አለበት። የትናንቱ ምግብ እንደ ሊጥ ተቀምጦ ካገኛችሁት ወይም አፉ ኮምጣጣ ከሸተተ በላዩ አትጨምሩ፣ ሐኪም ጋር ውሰዱት። በአፍንጫው ምግብ ከወጣ፣ ሲተነፍስ ጢጥ ጢጥ የሚል ድምፅ ካሰማ ወይም ጅራቱ ከትንፋሹ ጋር ከተነቃነቀ ግን ሌሊትም ቢሆን ይዛችሁት ውጡ። ስለዚህ የሐኪሙን ስልክ አሁኑኑ ፈልጋችሁ፣ ሌሊት የሚያነሳ መሆኑን ጠይቃችሁ፣ ሳጥኑ ክዳን ላይ ለጥፉት።