ደሴ ያላችሁ ወላጆች፣ ይቺን የሳይንስ መምህር አመስግኑልኝ

አሰላሙ ዐለይኩም፣ ጤና ይስጥልኝ ወገኖቼ። የአንዲት መምህር ሐቅ አንገቴ ላይ እንዳይቀር ብዬ ነው ይህን የምጽፈው። ስሜን አታንሺ ስላለችኝ ስሟን አልጠራም፤ ደሴ ውስጥ ልጅ የምታስተምሩ ግን ጽፌ ሳልጨርስ ታውቋታላችሁ።

ልጄ ዘንድሮ ስምንተኛ ክፍል ናት፣ የሚኒስትሪ ተፈታኝ። ሰባተኛ ስትገባ ሳይንስ ያለበት ቀን ሲሆን "ሆዴን አመመኝ" ትል ነበር። ሰበብ አልነበረም፣ እውነትም ያማት ነበር።

እንዲህ ያደረጓት በፊት የነበረችበት የግል ትምህርት ቤት ሰዎች ናቸው። ማንነታቸውን አልናገርም፣ አላህ ይያቸው። የወር ክፍያ ትንሽ ሲዘገይ ለመደወል ማንም አይቀድማቸውም፤ የሳይንስ አስተማሪው ግን በየጊዜው ይቀያየራል። ሰሌዳ ላይ ይጻፋል፣ ይገለበጣል፣ ይሸመደዳል፣ አለቀ። ልጄ እጇን ስታወጣ "ፈተና ላይ አይመጣም፣ ተቀመጪ" ትባላለች። አስጠኚ ቀጠርኩላት፤ እሱም ስልኩን ሲነካካ ቆይቶ "ይህን በቃልሽ ያዢ" ብሎ ይሄዳል። ከሁሉ ያንገበገበኝ ግን የወላጅ ቀን የሰማሁት ነው። ልጄ አጠገቤ ቆማ እየሰማች "ለሳይንስ የሚሆን ጭንቅላት የላትም፣ ገንዘብሽን አትጨርሺ" አሉኝ። ልጅ ፊት እንዲህ ይባላል? እቤት እስክንደርስ አንዲት ቃል አልተነፈሰችም።

አውጥቼ ሰፈራችን ያለው የመንግሥት ትምህርት ቤት ሳስገባት ያልወቀሰኝ ዘመድ የለም። "ከግል አውጥተሽ ተማሪ ታጭቆ ወደሚማርበት?" አሉኝ። እውነት ነው፣ ክፍሉ ሰው ይበዛበታል። ቤተ ሙከራ የሚሉትም አንድ የተቆለፈ ቁም ሣጥን ነው። ግን ቁልፉን የያዘችው ይቺ መምህር ናት፣ እሷ ደግሞ ትከፍተዋለች!

ልጄ ክረምት ክረምት ባቲ አያቷ ጋ ትሄዳለች። አንድ ጊዜ "እናቴ፣ ባቄላው እኮ ባቲ ቶሎ ይነፍራል፣ እኛ ቤት ግን ውሎ ያድራል፣ ለምንድነው?" አለችኝ። ከየት አውቄ ልመልስላት? ይህንኑ ለአዲሷ ቲቸር ጠየቀቻት። ቲቸር አልሳቀችም፣ ተቀመጪም አላለቻትም። "ባቄላው አንድ ዓይነት ነው? ሁለቱም ቤት ተዘፍዝፎ ነው ያደረው? እሳቱስ እኩል ነው?" ብላ ጥያቄዋን በጥያቄ መለሰችላት። ልጄ ማታ መጥታ ዘፈዘፍሽ አልዘፈዘፍሽ እያለች ስታፋጥጠኝ ደንግጬ ነበር።

በማግሥቱ ቲቸር ቴርሞሜትር አውጥታ ክፍል ውስጥ ውሃ አፈላች። መጽሐፋቸው ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል ይላል። ውሃው ተንተከተከ፣ ቴርሞሜትሩ ግን 92 አካባቢ ላይ ቆመ፤ ቢጠብቁት ቢጠብቁት ንቅንቅ የለም። ልጆቹ "ተበላሽቷል!" ብለው ተንጫጩ። እሷ "መጽሐፉም ልክ ነው፣ ቴርሞሜትሩም ልክ ነው፤ ታዲያ ምን ቀረ?" አለቻቸው። ዝም ዝም ሆነ። ያኔ የእኔ ልጅ፣ ጭንቅላት የላትም የተባለችው ልጅ፣ "ደሴ!" ብላ ጮኸች። ከተማችን ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሩ ይሳሳል፣ ግፊት የሚባለው ይቀንሳል፣ ስለዚህ ውሃው መቶ ዲግሪ ሳይደርስ ይፈላል። ባቲ ዝቅ ስለሚል ውሃው ይበልጥ ይግላል፣ ባቄላውም ቶሎ የሚነፍረው ለዚህ ነው አሉ። ጠለቅ ያለውን እኔ አላውቀውም። ልጄ ግን ያን ቀን ደረጃውን እየሮጠች ወጥታ እንደነገረችኝ አውቃለሁ።

ስለ ቲቸር ራሷም ላውራላችሁ። አሥረኛ ክፍል ስትጨርስ ለመሰናዶ የሚያበቃ ውጤት ነበራት። በዚያን ጊዜ መምህርነት ሌላ በር የተዘጋበት ሰው የሚገባበት ይመስል ስለነበር፣ በቴን ፕላስ ስሪ፣ ከአሥረኛ በኋላ ሦስት ዓመት በሚሰለጠንበት፣ ደሴ መምህራን ኮሌጅ ልግባ ስትል ቤተሰቦቿ አልቅሰዋል። መጀመሪያ የተመደበችው ደላንታ ነው። እዚያው ወገል ጤና ኦፓል የሚባለው የከበረ ድንጋይ የወጣ ሰሞን ስለነበር ልጆቹ ከክፍል እየጠፉ ገደል ለገደል ድንጋይ ይቆፍራሉ። እሷ መቼ ትማረራለች! "ያገኛችሁትን ይዛችሁ ኑ" ብላ ኦፓሉን ፀሐይ ላይ እያገላበጠች ስለ ብርሃን አስተማረችበት። ያ ሁሉ ቀለም ከድንጋዩ ውስጥ የሚመጣው እንዴት እንደሆነ ለማወቅ ሲሉ የቀሩት ተመለሱ። መሣሪያ የለም ብላ ቆማ አታውቅም፤ ሃይላንድ፣ ፊኛ፣ ስትሮው፣ ያገኘችውን ሁሉ ታስተምርበታለች።

ዲግሪዋን ክረምት ክረምት ባሕር ዳር እየተመላለሰች ነው የያዘችው፣ ደመወዟን ለትራንስፖርትና ለቤት ኪራይ እየከፈለች። መካከል ላይ ግብረ ሰናይ ድርጅት ገብታ ነበር፤ ገንዘቡም ጥሩ ነበር። ለምን እንደተመለሰች ስጠይቃት "እዚያ ሪፖርት ነው የምጽፈው፣ ልጅ ሲገባው ፊቱ ሲለወጥ አላይም" አለችኝ። አሁን መሪ መምህር ናት። ቢሮ ግቢ ሲሏትም እሺ አላለችም።

እኔ ራሴ ከስምንተኛ ነው ያቋረጥኩት፤ አባቴ ሲሞት ሱቅ ገባሁ። የወላጅ ቀን ሲመጣ ያ የድሮው ነገር ትዝ እያለኝ እግሬ አልሄድ አለኝ። እሷ ግን ወንበር ስባ አስቀመጠችኝ፣ የልጄን ደብተር ገልጣ አሳየችኝ። መጽሐፉ እንግሊዝኛ ስለሆነ እኔ ምንም ላግዛት አልችልም ስላት "እህቴ፣ ማታ ማታ እሷ በአማርኛ ታስረዳሽ። ካልገባሽ አልገባኝም በያት፣ እስኪገባሽ ትድገምልሽ። ከዚህ የበለጠ እገዛ የለም" አለችኝ። ያልተማረች እናትን እንዲህ አክብሮ የሚያናግር ሰው አይቼ አላውቅም። ከዚያ ወዲህ እቤታችን በየማታው ትምህርት አለ፣ ተማሪዋ እኔ ነኝ። የደም ዝውውር ገብቶኛል፤ ኤሌክትሪኩ ገና ነው።

ወላጆች፣ እባካችሁ ልጃችሁን "አይገባውም" ያሏችሁን ሰዎች አትመኑ። ይቺን መምህር ፈልጉ። ቅዳሜ ጠዋት የሳይንስ ክበብ አላት፣ ያለ ክፍያ። ሌላ ትምህርት ቤት የሚማር ልጅም ርእሰ መምህሩን አስፈቅዳ ትቀበላለች። የት እንደሆነ በውስጥ መስመር ጠይቁኝ፣ እነግራችኋለሁ። ውጭ አገር ያላችሁ የደሴ ልጆች ደግሞ፣ ያ ቁም ሣጥን ውስጥ ያለው ቴርሞሜትር አንድ ብቻ ነው፤ ማጉያ መነጽርም ያስፈልጋታል። መላክ የምትፈልጉ በትምህርት ቤቱ ስም እንጂ በእሷ ስም አትላኩ፣ አጥብቃ የነገረችኝ ይህንን ነው።

ቲቸርዬ፣ አላህ ኸይር ጀዛሽን ይክፈልሽ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥሽ።