ሲያም ብቻ መታከም ወይስ ዓመቱን ሙሉ መከታተል?

ታናሽ እህቴ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ትኖራለች። አልሰረቲቭ ኮላይተስ አለባት፤ የትልቁ አንጀት ውስጠኛ ግድግዳ የሚቆስልበት ሕመም ነው። መሀል ከተማ ስትሄድ ታክሲ ከመሳፈሯ በፊት የምታስበው፣ መንገድ ላይ ሽንት ቤት የት እንደምታገኝ ነው።

እስካሁን የምትታከመው በለመድነው መንገድ ነው። ለካርድ ይከፈላል፣ ለላብራቶሪ ይከፈላል፣ ለኮሎኖስኮፒ፣ ማለትም ትልቁን አንጀት ውስጡን በካሜራ ለማየት፣ ይከፈላል። ተቋሙ ገቢ የሚያገኘው እሷ ስትመጣ ነው። ከቀረች ማንም አይደውልላትም። አምና ከሰገራዋ ጋር ይወጣ የነበረው ደም ሲቆምላት ዳንኩ ብላ መድኃኒቱን ተወችው። ብዙም ሳትቆይ አገርሽቶባት ሆስፒታል ተኛች። ያኔ የወጣው ብር ከመድኃኒቱ ዋጋ በእጅጉ በለጠ። የዚህ መንገድ ጥቅም ሐኪም እንደልብ መቀየር መቻሉ ነው።

ሁለተኛው በውጤት ላይ የተመሠረተ ሕክምና ነው። አሜሪካ ውስጥ ማይክል ፖርተርና ኤሊዛቤት ታይስበርግ በ2006 እ.ኤ.አ. በሰፊው ያስተዋወቁት ሐሳብ ነው። አንዱ አሠራር ክፍያውን ለአንድ ታካሚ ለዓመት አንድ ላይ ያደርገዋል። ሐኪም፣ ነርስ፣ የምግብ ባለሙያና የሥነ ልቦና አማካሪ በአንድ ቡድን ይሠራሉ። ካልፕሮቴክቲን የሚባለው የሰገራ ምርመራ አንጀት መቆጣቱን ሕመሙ ሳይብስ ሊጠቁም ይችላል። ቡድኑ የሚመዘነው ታካሚው ያለ ስቴሮይድ (የአንጀት መቆጣትን የሚያበርድ ጠንካራ መድኃኒት) ደህና በመክረሙ፣ ሆስፒታል ባለመተኛቱና ከሥራ ባለመቅረቱ ነው። ስጋቱ ተቋማት ሕመሙ የጠናበትን ሰው እንዳይሸሹ ነው። የተሟላ መዝገብም ይፈልጋል።

እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ። ክፍያው እስኪቀየር ባንጠብቅ እንኳ፣ አንዲት ነርስ በወር አንዴ ደውላ «መድኃኒቱን እየወሰድሽ ነው?» ብትላት እህቴ ያን ጊዜ አልጋ ላይ አትወድቅም ነበር።