የ29 ዩሮ ጥሬ ክትፎ በፓሪስ

ፓሪስ የቆየሁት አራት ቀን ብቻ ነው። ያረፍኩት የአክስቴ ልጅ ጋ ነበር፤ እሷ እዚያ መኖር ከጀመረች አሥራ ምናምን ዓመቷ ነው። ገና ሳልመጣ በስልክ አንድ ነገር ለመንኳት። ስልኬ ላይ በየቀኑ ቪዲዮው እየመጣ ምራቄን ሲያስውጠኝ ወደከረመው ብራስሪ የሚሉት ምግብ ቤት ውሰጅኝ አልኳት።

«እዚያ ቤት የሚበላው ፎቶ ነው» አለችኝ።

አልሰማሁም። ምስኪን፣ ከሁለት ሳምንት በፊት ቦታ ያዘችልን።

ቤቱ ሳን ዠርማን ደ ፕሬ ሰፈር ነው። ስሙ ይቅር። በሩ ላይ ጥቁር በጥቁር የለበሰች ልጅ ስማችንን ታብሌቷ ላይ ፈለገች። ከዚያ ጫማዬን አየችው። ቀኑን ሙሉ ስዞርበት የዋልኩት ስኒከር ነው፤ አቧራ አላጣውም። በመስኮቱ በኩል አራት ባዶ ጠረጴዛ እያየን አሳልፋን፣ ወደ ምድር ቤት የሚወርደው ደረጃ አፍ ላይ አስቀመጠችን። ፓሪስ ውስጥ ምግብ ቤቶች ሽንት ቤታቸው ብዙ ጊዜ ምድር ቤት ነው። እና እራት ስንበላ የቤቱ ሰው ሁሉ በየተራ በጎናችን ወርዶ ወጣ።

ቤቱ ግን ያምራል፤ አልዋሽም። ግድግዳው በሙሉ መስታወት፣ መብራቱ የነሐስ፣ መቀመጫው ቀይ ቆዳ። አስተናጋጆቹ ቅልጥማቸው ድረስ የሚወርድ ነጭ ሽርጥ ታጥቀዋል። ብራስሪ ማለት መጀመሪያ ቢራ መጥመቂያ ማለት ነበር። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ1870 እና 71 ከፕሩሲያ ጋር ተዋግታ ስትሸነፍ አልዛስ የሚባለው ግዛቷ ወደ ጀርመን ሄደ። ከዚያ ወደ ፓሪስ ከመጡት አልዛሶች ብዙዎቹ ቢራቸውንና የኮመጠጠ ጎመናቸውን ይዘው ቤት ከፈቱ። በእኛ ጠጅ ቤት በሉት። ሰው ከሥራ ሲወጣ ጎራ የሚልበት ቤት ማለት ነው። እኛ በገባንበት ጠጅ ቤት ግን አንድ ብርጭቆ ወይን 13 ዩሮ ነው።

ውሃ ስንል አስተናጋጁ የማዕድን ውሃ ከፍቶ አመጣ፤ 9 ዩሮ። የአክስቴ ልጅ ሜኑው ላይ ዓይኗን ስትጥል እኔ ነበርኩ ያዘዝኩት፣ ጥፋቱም የኔ ነው። «ካራፍ ዶ» ማለት ነበረብኝ። የቧንቧ ውሃ በጆግ ነው፤ ለሚበላ ሰው በነጻ ማቅረብ ደግሞ ሕጉ ያስገድዳቸዋል። ይህችን ቃል ይዛችሁ ሂዱ።

የሽንኩርት ሾርባው 16 ዩሮ ነው፤ እሱን አደንቃለሁ። ሽንኩርቱ እንደ ዶሮ ወጥ ሽንኩርት ጊዜ ተሰጥቶት የበሰለ ነው፣ ቡናማ ሆኖ ጣፍጧል። ላዩ ላይ ዳቦና አይብ ተደርጎ ምድጃ ገብቷል። ማንኪያዬን ሳነሳ አይቡ እስከ አገጬ ተሳበ። ይሄ ሾርባ ድሮ ሌ አል በሚባለው የፓሪስ ትልቁ ገበያ ሌሊት ሲሸከሙ የሚያድሩ ሰዎች ንጋት ላይ የሚጠጡት ነበር። ገበያው በ1969 ሩንዢ ወደሚባል ዳርቻ ተዛወረ። ሾርባው እዚህ ቀርቶ ዋጋው ሸካሚ የማይደርስበት ሆነ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ስቴክ ታርታር፣ የፈረንሳዮቹ ጥሬ ክትፎ፣ 29 ዩሮ። ዕለቱ ማክሰኞ ነው፣ ጾም የለም፣ ጥሬ ሥጋ ደግሞ አያስፈራኝም። አስተናጋጁ ግን ተጨነቀልኝ። «ሙስዩ፣ ጥሬ መሆኑን ያውቃሉ?» አለኝ። የአክስቴ ልጅ በናፕኪን አፏን ይዛ ሳቀች።

መጣ። በቆርቆሮ ተለክቶ የተገለበጠ የሚመስል ክብ ሥጋ፣ መሐሉ ላይ ጥሬ የእንቁላል አስኳል። ሥጋው በቢላ ነው የተከተፈው፤ ጥሩ እጅ ነው፣ ጅማት የሚባል የለውም። ውስጡ ሰናፍጭ፣ ቀይ ሽንኩርትና ኬፐር የሚሉት የኮመጠጠ አረንጓዴ እንቡጥ አለበት። ግን ቀዝቃዛ ነው! ከፍሪጅ አሁን የወጣ። ክትፎ የለመደ ሰው ችግሩ ይገባዋል። የእኛው በንጥር ቅቤ ለብ ብሎ፣ ኮረሪማው ከሩቅ እየጠራ ነው የሚቀርበው። ይሄኛው ምንም አይሸትም። ኮምጣጣው ሥጋውን ዋጠው። የሚያቃጥል ነገር አለ ወይ ስለው ታባስኮ አመጣልኝ። አራት ጊዜ አንጠባጠብኩ፤ ወይ ፍንክች። ሚጥሚጣ በኪሴ አለመያዜ ቆጨኝ።

እሷ ያዘዘችው ግማሽ ዶሮ 32 ዩሮ ነው። ቆዳው ቀልቷል፣ ደረቱ ደርቋል፤ ሌላ የምለው የለም። ጣፋጩን በ15 ዩሮ ተካፈልን፣ ሁለት ቡና 10። ቡናዋ የሲኒያችን ሩብ አትሞላም።

ሂሳቡ 124 ዩሮ መጣ። ወደ ብር መመንዘር ጀመርኩና ግማሽ ላይ ተውኩት። ከዚያ የካርድ ማሽኑ ላይ ጉርሻ ስንት በመቶ እንደምንሰጥ የሚጠይቅ ነገር ብቅ አለ። ፈረንሳይ ውስጥ ሜኑ ላይ ያለው ዋጋ ታክሱንም አገልግሎቱንም ጨምሮ ነው፤ ግርጌው ላይ በትንሹ ተጽፏል። የአክስቴ ልጅ የተጻፈውን ለአስተናጋጁ በጣቷ አሳየችው። እሱ ጣሪያ ጣሪያውን እያየ ማሽኑን አስተካከለ።

የግድ እሄዳለሁ የምትሉ ካላችሁ በከሰዓት ሂዱ፣ ሾርባዋን ብቻ እዘዙ፣ ውሃ በጆግ በሉ። መስታወቱን በነጻ ታያላችሁ። ታርታሩን ተዉት።

ሜትሮ ውስጥ ገብተን ሳንቀመጥ ሆዴ ጮኸ። ምንም አላለችም። ቦርሳዋን ከፈተችና በናፕኪን የተጠቀለለ ነገር አወጣች። ከጠረጴዛው ላይ የተረፈው ዳቦ ነው። ቆርሳ አጎረሰችኝ።

«ይሄ ብቻ ነው ያላስከፈሉን» አለችኝ።