ቡሬ ላለችው ባለ ማይክሮስኮፕ እህታችን

ሰላም ናችሁ የጎጃም ልጆች? እኔ ብዙ የምጽፍ ሰው አይደለሁም። ዛሬ ግን አንዲት ጌም ማሽን የምትጠግን ልጅ ካላመሰገንኩ እንቅልፍ አይወስደኝም።

ደብረ ማርቆስ ውስጥ አነስ ያለች ፕሌይስቴሽን ቤት አለችኝ። ማሽኖቹ ሁለት ናቸው። አንዱን ፕሌይስቴሽን 4 ወንድሜ ነው ከጅዳ የላከልኝ። ሾፌርነቱን በወገብ ሕመም ስተው «ቁጭ ብለህ ብላበት» ብሎ። የቤት ኪራዩም የልጆቼ ደብተርም የሚወጣው ከዚያ ነው።

አንድ ቅዳሜ ፊፋ ሲጫወቱ ጎል ገባና አንዱ ጎረምሳ ዘሎ ተነሣ። ገመዱ እግሩ ላይ ተጠምጥሞ ማሽኑን ከጠረጴዛ አወረደው። ማሽኑ ይበራል፤ ቲቪው ላይ ግን «ኖ ሲግናል» ብቻ።

ከዚያ በኋላ ያየሁትን አሳር የማንንም ስም ሳልጠራ ልንገራችሁ። የመጀመሪያው ጠጋኝ «ኤችዲኤምአይ ነው፣ የቲቪው ገመድ መሰኪያ፣ የሁለት ሰዓት ሥራ ነው» አለኝ። ሁለት ሰዓቱ 3 ሳምንት ሆነ። ነገ ና፣ ከሰዓት ና፣ መብራት የለም። በመጨረሻ ቀይሮ ሰጠኝ፤ ሁለት ቀን ሠርቶ ድርግም። ስመልስለት «ከእኔ ሲወጣ ይሠራ ነበር» ብሎ ፊቱን አዞረ። ሁለተኛው ከፍቶ አየና «ቦርዱ ሞቷል። ይሄ እኮ በ2006 ዓ.ም. የወጣ ዕቃ ነው፤ ለመለዋወጫ ሽጥልኝ» አለ። አልሸጥም ስለው የማያ ብሎ ብር ተቀበለኝ። ማሽኑን በፌስታል፣ ብሎኖቹን በሶፍት ጠቅልሎ አስረከበኝ። ቆጠርኳቸው፤ ግማሹ የለም። ሰው ልብስ ሰፊ ጋ ሄዶ ቁልፉ ተበጥሶ ይመለሳል?

ጥር ላይ ከባለቤቴ ጋር በርበሬ ልንገዛ ቡሬ ወረድን። ማሽኑንም «ምናልባት» ብዬ ይዤዋለሁ። ለናሙና የያዝነውን ዛላ በርበሬ ባለቤቴ እዚያው ፌስታል ውስጥ ከታው ኖሯል። አንድ የባጃጅ ልጅ «ባለ ማይክሮስኮፗ ጋ ላድርሳችሁ» አለን። ልጅቷ ፌስታሉን ስትከፍት ማስነጠስ ጀመረች። «ጋሼ፣ ይሄ ጌም ነው ወጥ?» ስንት ወር ያናደደኝ ማሽን ያን ቀን አሳቀኝ።

ፈታታችውና በማይክሮስኮፑ ብዙ ቆየች። ከዚያ ከወንበሯ ተነሥታ «ይምጡ፣ ራስዎ ይዩት» አለችኝ። ጠጋኝ የገዛ ዕቃዬን ሲያሳየኝ በዕድሜዬ የመጀመሪያዬ ነው። ብርማ የሆኑ የመሰኪያው ትናንሽ እግሮች ተሰልፈዋል። 19 ናቸው አለችኝ። አራቱ የሚያርፉበት መዳብ ግን የለም፣ ተነቅሏል። «ያኛው ሰው የብየዳው ቆርቆሮ ሳይቀልጥለት ነው መሰኪያውን የጎተተው። ጥርሱን ሲነቅል ድዱንም አብሮ አመጣው። ቦርዱ ግን አልሞተም።»

አልሞተም! ልስማት ምንም አልቀረኝ።

ዋጋውን ቀድማ ተናገረች፤ «ካልሠራ አንድ ብር አልቀበልም» አለች። እኔ ደግሞ የማርቆስ መኪና እንዳያመልጠኝ ቸኩያለሁ። «ዛሬ መብራቱ ይሄዳል ይመጣል። የብየዳው ብረት መሃል ላይ ከቀዘቀዘብኝ የቀረውንም እነቅለዋለሁ። ጋሼ፣ እባክዎ ይደሩ።» ያኛው ቤት 3 ሳምንት ስመላለስ እንዲህ ያለ ቃል የሚወጣው ሰው አላጋጠመኝም። የአክስቴ ልጅ ቤት አደርን።

ጠዋት ስንደርስ ሥራ ላይ ናት። ከፀጉር የቀጠነ የመዳብ ሽቦ በወረንጦ ይዛ፣ ትንፋሿን ዋጥ አድርጋ ጫፉን ታሳርፋለች። እናቴም ጥልፍ ስትጠልፍ ትንፋሿን የምትይዘው እንዲያ ነበር፤ ነፍሷን ይማርና። ከላይ አረንጓዴ ነገር ቀባችበት፣ ሐምራዊ መብራት አበራችበት፣ ደረቀ። ከዚህ በላይ አትጠይቁኝ፣ አልገባኝም። ቲቪው ሰማያዊ ሲሆን ባለቤቴ እልል አለች፤ መንገደኛው ሁሉ ዞሮ አየን።

ልከፍል ስል ማሽኑን ገልብጣ አሳየችኝ። ብሎኖቹ ሞልተዋል። እኔ እኮ ስለ ብሎን አንድም ቃል አልተነፈስኩም! «ጎድለው አየኋቸው፤ ከተጣለ ማሽን ላይ ፈታሁልዎት» አለች። ሒሳቡ ውስጥም የሉም። ጨምሬ የሰጠኋትን ብር ቆጥራ መለሰችልኝ። እነዚያ ብሎኖች እስካሁን ከሐሳቤ አልወጡም።

ይኸው ሁለተኛ ወሩ ነው፣ ማሽኑ ከጠዋት እስከ ማታ ይሠራል። ገመዱን ግን ግድግዳው ላይ ቸንክሬዋለሁ።

ስሟን እንዳልጽፍ ለምናኛለች። «ወረፋ ሲበዛ መቸኮል ይመጣል» ነው የምትለው። ስለዚህ ቡሬ መናኸሪያ ውረዱና ለባጃጆቹ «ባለ ማይክሮስኮፗ ጋ» በሏቸው። ፕሌይስቴሽን ቤት ያላችሁ ሂዱ። «ቦርዱ ሞቷል» የተባላችሁ በተለይ ሂዱ፤ ከመሸጣችሁ በፊት እሷ ትየው። እታለም፣ እጅሽ ይባረክ፣ ክፉ አይንካሽ።

እግረ መንገዳችሁን በርበሬም ግዙ። ግን ከማሽኑ ጋር አንድ ፌስታል ውስጥ እንዳትከቱት።